በእርስዎ ፈንታ ማን ይማል?

ውድ አንባቢዬ፣

ዛሬ የምጽፍልዎ በአሜሪካ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ማመልከቻ ውስጥ ቃለ መሐላ ማቅረብ የሚችለው ማን እንደሆነ ነው። «ይኼ የጠበቃ ሥራ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ብለው ገጹን ሊገልጡ እንደሆነ ይገባኛል። ትንሽ ይታገሡኝ። ልጅዎ ሜሪላንድ ወይም ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ትሠራ ይሆናል። እርስዎም በሚሠሩበት ድርጅት አንድ መሣሪያ አሻሽለው፣ የሕግ ክፍሉ «እዚህ ጋ ይፈርሙልን» ብሎ ወረቀት ልኮልዎ ይሆናል። ወይም የቀድሞ ባልደረባዎ ደውሎ «የዚህን ነገር ታሪክ የሚያውቁት እርስዎ ነዎትና ምስክርነትዎን ይስጡልኝ» ብሎዎት ይሆናል። ያን ቀን ይህ ደብዳቤ ትዝ እንዲልዎ እፈልጋለሁ።

የማምነውን ከወዲሁ ልንገርዎ። በዚህ ጉዳይ ለመማል የሚያበቃው ማዕረግ ሳይሆን ማወቅ ነው። የሚያውቀውን ሰው ከመሐላው ማግለል ሥራውን እንደ መቀማት ነው፤ የማያውቀውን ማስማልም ሥራውን ያበላሻል።

አንድ የጋራ ልማዳችንን ላንሳ። ወረቀት ክብደት እንዲኖረው ስንፈልግ ትልቅ ሰው እንፈልጋለን። ኃላፊው ቢፈርሙበት፣ ዶክተሩ ቢጨመሩበት፣ ከሥሩ ክብ ማህተም ቢያርፍበት ልባችን ይረጋል። «ታዲያ ምን ክፋት አለው?» እያሉኝ ነው። በብዙ ቦታ ክፋት የለውም። የአሜሪካ የፓተንት ሕግ ግን ከ1793 እ.ኤ.አ. ጀምሮ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፊቱን ያዞረው ወደ ፈልሳፊው ራሱ ነው፦ ይህን ነገር የፈለሰፉት በእውነት እርስዎ እንደሆኑ ያምናሉ? ዛሬም ፈልሳፊው የሚሰጠው ቃል አጭር ነው። ማመልከቻው በእርሱ ወይም በእርሱ ፈቃድ የተዘጋጀ መሆኑን፣ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር የነገሩ የመጀመሪያ ፈልሳፊ መሆኑን እንደሚያምን ይገልጻል፤ አውቆ ሐሰት ከተናገረ በገንዘብ ወይም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል መገንዘቡንም ያክላል። የትምህርት ደረጃ አይጠየቅም፤ የሥራ ማዕረግ አይጠየቅም።

«ማህተምስ?» ይሉኛል። መሐላ በሚባለው መንገድ ከሄዱ የሚያስምል ባለሥልጣን ያስፈልጋል፤ በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ኖተሪ የሚሉት፣ እኛ አገር ውልና ማስረጃ ሄደን የምናገኘው ዓይነት ሰው ማለት ነው። ነገር ግን ሕጉ ሁለተኛ መንገድ ከፍቷል። የቅጣቱን ማስጠንቀቂያ ያዘለ የማረጋገጫ ቃል ጽፎ መፈረም ከመሐላው እኩል ይቆጠራል፤ ለዚህ ኖተሪ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚጠቀመውም ይህንኑ ነው። ማህተም ስለሌለው የቀለለ እንዳይመስልዎ፤ በማህተሙ ቦታ የቆመው የእርስዎ ነፃነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ እጠብቃለሁ። «የሚያመለክተው ድርጅቱ፣ ወጪውን የሚከፍለውም ድርጅቱ፤ ለምን ራሱ አይምልም?» ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ግማሹንም ሕጉ ተቀብሎታል። ከመስከረም 16 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈልሳፊው መብቱን ያስተላለፈለት ወይም ለማስተላለፍ የተዋዋለው ድርጅት በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። የፈልሳፊነት ቃሉ ግን እያንዳንዱ ፈልሳፊ ዘንድ ቀርቷል። ድርጅቱ በምትክ ቃል መስጠት የሚችለው በአራት ሁኔታዎች ብቻ ነው፦ ፈልሳፊው ከሞተ፣ በሕግ ፊት ችሎታ ካጣ፣ በትጋት ተፈልጎ ካልተገኘ፣ ወይም መብቱን ለማስተላለፍ ግዴታ ገብቶ ሳለ አልፈርምም ካለ። የሚተካውም ሰው ማን እንደሆነ፣ ከፈልሳፊው ጋር ምን እንደሚያገናኘው፣ ከአራቱ የትኛው እንደደረሰ መጻፍ አለበት። «አንዴ ደውዬለት አላነሳም» ትጋት አይባልም። «እምቢ አለ» ለማለትም አስቀድሞ የማመልከቻው ወረቀት ለሰውዬው ቀርቦለት መሆን አለበት፤ ያላየውን ነገር እምቢ አለ ማለት አይቻልምና።

ልጅዎ ደግሞ ከጎን ሆና ትጠይቀኛለች። «ፕሮፌሰሬን ካላስገባሁ እንደ ድፍረት ይቆጠርብኛል፤ ባስገባስ ምን ይጎዳኛል?» ልጄ፣ አክብሮትሽ ያኮራል፤ ቦታው ግን ሌላ ነው። ፈልሳፊ የሚባለው ሐሳቡን በአእምሮው የጨረሰው ሰው ነው። ቤተ ሙከራ የሰጠ፣ ገንዘብ ያገኘ፣ የታዘዘውን ሙከራ በጥንቃቄ ያካሄደ ሰው ሁሉ ምስጋና ይገባዋል፤ በጥናት ጽሑፍ ላይም ስሙ ሊሰፍር ይችላል። ፈልሳፊ ነኝ ብሎ መማል ግን አይችልም። በ1982 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የካትዝን ጉዳይ ያየው በዚሁ ነገር ላይ ነበር። ጽሑፉን ያሳተሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ፓተንቱን የጠየቀው አንዱ ብቻ። የፓተንት ቢሮው መርማሪ «ሁለቱስ የት ሄዱ?» ብሎ ያዘ። አመልካቹ ሁለቱ በእርሱ መሪነትና ቁጥጥር ሥር የሚሠሩ ተማሪዎች እንደነበሩ በቃሉ አስረዳ፤ ፍርድ ቤቱም ማብራሪያው በቂ ነው ብሎ ተቀበለው። ነገሩ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። ሐሳቡ ያንቺ ሆኖ ስምሽ ከተዘለለ፣ ወይም ሐሳቡ ያልሆነ ሰው ስም ከገባ፣ ካልታረመ በቀር ፓተንቱ ራሱ ሊወድቅ ይችላል። ፕሮፌሰርሽን የምታከብሪያቸው እርሳቸው ያላሰቡትን አሰብሁ ብለው እንዳይምሉ በመጠበቅ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ፤ በዝምታ የያዙትን ጥያቄ ስላወቅሁት። «መሐላ እኮ ፎርማሊቲ ነው፤ ዋናው ሥራው ነው» እያሉ ነው። ይህን ሐሳብ ብዙ የተማሩ ሰዎች ይጋሩዎታል። በትዕግሥት ልመልስልዎ፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስነሳኝም ይኸው ነው።

በ1857 ሚሲሲፒ ውስጥ ኦስካር ስቱዋርት የሚባል የባሪያ አሳዳሪ ነበር። በቤቱ በባርነት ከተያዙት ሰዎች አንዱ፣ ኔድ የተባለ ሰው፣ የጥጥ ማሳ መኮትኮቻ መሣሪያ ፈለሰፈ። ስቱዋርት ለዋሽንግተን ጻፈ። የባሪያው የእጁም የአእምሮውም ፍሬ የጌታው ነውና ፓተንቱ ለእኔ ይሰጠኝ አለ። ልብ ይበሉ፣ ኔድ ፈልሳፊው እንዳልሆነ አልተናገረም፤ ኔድ መሆኑን አምኖ ነው የጠየቀው። በዚያን ጊዜ የሚሠራው የ1836ቱ ሕግ አመልካቹ ሁለት ነገር በመሐላ እንዲናገር ያዝዝ ነበር፦ የመጀመሪያው ፈልሳፊ እርሱ መሆኑን እንደሚያምን፣ የየትኛው አገር ዜጋ እንደሆነም። በዚያው በ1857 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ፈርዶ ነበር።

ነገሩ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በጄረማያ ብላክ እጅ ገባ። በሰኔ 1858 የሰጠው አስተያየት አጭር ነው፤ የባሪያ ፈጠራ ፓተንት ሊያገኝ አይችልም። ኔድ አይምልም፤ አገር የለህም ተብሏልና። ስቱዋርትም አይምልም፤ እኔ ፈለሰፍሁት ቢል ሐሰት ነውና። መሣሪያው ተሠርቷል፤ ማሳ ላይም ገብቷል። በሕግ ፊት ግን ፈልሳፊ የለውም። የጄፈርሰን ዴቪስ (ኋላ የተገንጣዮቹ የደቡብ ግዛቶች ፕሬዚዳንት) ወንድም በባርነት የያዘው ቤንጃሚን ሞንትጎመሪም የጀልባ መቅዘፊያ ፈልስፎ ሳለ ያንኑ በር ዝግ ሆኖ አገኘው። ደቡቦቹ ተገንጥለው የራሳቸውን መንግሥት ባቆሙ ጊዜ፣ በ1861 ባወጡት የፓተንት ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገቡ፤ ባሪያው የመጀመሪያው ፈልሳፊ እንደሆነ ጌታው ምሎ ፓተንቱን ለራሱ መውሰድ ይችላል አሉ። የባሪያው አእምሮ እንደሚያፈልቅ አወቁ፣ በመሐላም መሰከሩለት፣ ፍሬውን ግን በዚያው መሐላ ወሰዱበት።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1821፣ ቶማስ ጄኒንግስ የተባለ ጥቁር የኒው ዮርክ ሰው የልብስ ማጽጃ ዘዴ ፈልስፎ ፓተንት አግኝቶ ነበር። በጄኒንግስና በኔድ መካከል የነበረው ልዩነት የችሎታ አልነበረም። ጄኒንግስ ነፃ ሰው ስለነበር መማል ቻለ። መሐላን ፎርማሊቲ ነው ሲሉኝ ኔድ ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው። ከስሙ በቀር ስለ እርሱ የቀረልን እጅግ ጥቂት ነው፤ የአባቱ ስም እንኳ አልተጻፈም።

«ያ አልፏል፤ ዛሬ ሁሉም ሰው ይምላል» ይሉኝ ይሆናል። ልክ ነዎት፤ ዛሬ የሚጠየቀው ሰው መሆን ነው። ይህም ራሱ በቅርቡ ተፈትኗል። ስቲቨን ታለር የተባለ አሜሪካዊ በ2019 ለሁለት ፈጠራዎች ሲያመለክት ፈልሳፊው እኔ ሳልሆን ዳቡስ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥርዓቴ ነው አለ። ማሽኑ መማል ስለማይችል ታለር ራሱ በማሽኑ ፈንታ የምትክ ቃል አቀረበ። ያ የምትክ ቃል ለሞተና ለጠፋ ሰው የተበጀ መሆኑን ከላይ አይተናል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በነሐሴ 2022 ፈልሳፊ ሊሆን የሚችለው የተፈጥሮ ሰው ብቻ ነው ብሎ ፈረደ፤ ከምክንያቶቹ አንዱም ሕጉ ፈልሳፊውን «እኔ ነኝ ብዬ አምናለሁ» ብሎ ቃሉን እንዲሰጥ መጠየቁ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2023 በራሱ ሕግ መሠረት ወደዚያው ደረሰ። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማስቀመጤ ማሽኑን ከኔድ ጋር ለማነጻጸር አይደለም፤ እንዲያ ማሰብ ኔድን ዳግመኛ መበደል ይሆናል። በ1858 ሕጉ ሰውን ከመሐላ ከለከለ፤ ያ ግፍ ነው። በ2022 ማመንም መካድም የማይችልን ዕቃ ከለከለ፤ ያ እውነት ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ፈልሳፊው ቃል ነው። የቀድሞ ባልደረባዎ የጠየቀዎት ምስክርነት ግን ሌላ ነው፤ በሩም ሰፊ ነው። መርማሪው «ይህ አዲስ አይደለም» ወይም «ማንም ባለሙያ ሊደርስበት የሚችል ነው» ብሎ ማመልከቻውን ሲመልስ፣ አመልካቹ በማስረጃ መከራከር ይችላል። ይህን ማስረጃ በቃለ መሐላ የሚያቀርበው ነገሩን የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ነው። ሁለቱን ናሙናዎች አወዳድራ የለካችው ቴክኒሻን ውጤቱን ትናገራለች። የሽያጭ ኃላፊው ዕቃው እንዴት እንደተሸጠ ይናገራል። በመስኩ የኖረው ባለሙያ ችግሩ ለስንት ዘመን ሳይፈታ እንደቆየ ይመሰክራል። ፈልሳፊው ራሱም ስለ ሥራው መናገር ይችላል፤ ባለጉዳይ ነህ ተብሎ ቃሉ አይጣልም፤ ሲመዘን ግን ባለጉዳይነቱ ይታሰባል። መርማሪው የሚወደው ያዩትን፣ የለኩትን፣ ቀኑን ነው። «ይህ ፈጠራ ድንቅ ነው» የሚል የአሥር ፕሮፌሰሮች አስተያየት የአንዲት ቴክኒሻንን የልኬት ሠንጠረዥ ያህል ላይከብድ ይችላል።

እንግዲህ መናገር የማይችለው ማን ነው ካሉኝ፣ መልሱ ያስገርምዎታል፤ በዚህ ሁሉ ወረቀት ላይ ብዙ የሚጽፈው ጠበቃው ነው። የጠበቃ ክርክር ማስረጃ አይደለም። «ደንበኛዬ ያገኘው ውጤት ማንም ያልጠበቀው ነው» ብሎ አሥር ገጽ ቢጽፍ፣ ያንን ያየ ሰው ካልመሰከረ አሥሩ ገጽ በማስረጃ ቦታ አይቆምም። ስለዚህ ጠበቃው ደውሎ «አንድ ቃል ይስጡን» ሲልዎ ሊያስቸግርዎ ፈልጎ እንዳይመስልዎ። ያለ እርስዎ አይሆንለትም።

«ታዲያ ወዳጄ ነው፤ ልርዳው» ይላሉ። ይርዱት። ወዳጅነትዎን ግን አይደብቁ። ፌሪንግ የተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ዴስሞፕረሲን የሚባለውን መድኃኒት በጽላት መልክ በአፍ ለመስጠት ፓተንት ሲጠይቅ፣ የቢሮው መርማሪዎች ፈልሳፊ ካልሆኑ ሰዎች ማስረጃ ይምጣ አሉ። ኩባንያው የሳይንቲስቶችን ቃል አቀረበ፤ ፓተንቱም ተሰጠ። ኋላ በፍርድ ቤት ሲጣራ ከቃል ሰጪዎቹ ብዙዎቹ ቀድሞ ከኩባንያው ጋር በሥራ ወይም በምርምር ገንዘብ የተሳሰሩ ሆነው ተገኙ፤ ይህንንም ማንም ለቢሮው አልነገረም። በ2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፓተንቱ ሊጠየቅበት አይችልም የሚለውን ውሳኔ አጸና። ከዚያ ቀደም፣ በ1996፣ ሎተስ በተባለ ኩባንያ ላይ በቀረበ ክስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት እንዲሁ ዋጋ አጥቷል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በፈልሳፊዎቹ ድርጅት 8 ሳምንት መሥራቱን ሳይገልጽ በመቅረቱ። ስምንት ሳምንት! ቢጽፈው ኖሮ ቃሉ ትንሽ ቢቀልል ነው እንጂ አይወድቅም ነበር። በ2011 ፍርድ ቤቱ መለኪያውን አጥብቆታል፤ ዛሬ ለማታለል ታስቦ መደረጉ በጠንካራ ማስረጃ መታየት አለበት። በግልጽ ሐሰት የሆነ ቃለ መሐላን ግን በዚያው ውሳኔ ከከባዶቹ ጥፋቶች መድቦታል።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ፤ «ይህ ሁሉ ስለ አሜሪካ ነው» ብለው እንዳያኮርፉኝ። እንዶድን ያውቁታል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከመታጠቢያው ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የበሽታው ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ትልቅ ግኝት ሆነ፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኘላቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በኦሃዮ ለሚገኘው ለቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ውስጥ ቧንቧ እየደፈነ ያስቸገረውን የሜዳ አህያ መስመር ያለበት ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት በእንዶድ ለማጥፋት ለሚያስችል ዘዴ ፓተንት ተሰጠው፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ።

«እናቶቹስ?» ብለው ቆጣ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ። ነገር ግን በቁጣችን ውስጥ ሁለት ጥያቄ ስላለ እንለያየው። እናቶቹ በኦሃዮ ሐይቅ ስላለ ተባይ አላሰቡም፤ ስለዚህ የዚያ ዘዴ ፈልሳፊ ነን ብለው ሊምሉ አይችሉም፤ እነርሱም አይሉም። ሁለተኛው ጥያቄ ነው የሚያንገበግበው። ከእነርሱ አንዷ ዋሽንግተን ሄዳ «እንዶድ ውኃ ውስጥ ያለውን ነፍሳት እንደሚገድል እናውቃለን፤ አያቶቻችንም ያውቁ ነበር» ብላ ብትምል ቃሏ ምን ዋጋ ነበረው? በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ዕውቀትና አሠራር ካልታተመ ወይም ፓተንት ካልሆነ በቀር አዲስነትን አያፈርስም ነበር። የኦሃዮ ገበሬ ያየውን ቢመሰክር ይቆጠር ነበር፤ የአድዋ እናት ያየችውን ብትመሰክር አይቆጠርም ነበር። በኔድ ላይ የተዘጋው የዜግነት በር በመልኩ ቢለይም፣ እዚህም ቃልን የሚያከብደውና የሚያቀለው አገር ነበር።

ከመጋቢት 16 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለገቡ ማመልከቻዎች ያ የአገር ድንበር ተነሥቷል። በየትም አገር ለሕዝብ ግልጽ የነበረ አሠራር ሁሉ ይቆጠራል። ደስ ይበልዎ፤ ግን ቶሎ አይዝናኑ። ሌላ ሰው ያመለከተበትን ፓተንት ከመሰጠቱ በፊት ለመቃወም በዋናነት የተከፈተው መንገድ የሚቀበለው የታተመ ጽሑፍ ብቻ ነው። ከተሰጠ በኋላ እንደገና እንዲመረመር ሲጠየቅም መነሻው ፓተንት ወይም ኅትመት ነው፤ ቃለ መሐላ የሚገባው ያን ጽሑፍ ለማብራራት ነው። ሰፊው መንገድ፣ የአሠራር ምስክርነትን ሁሉ የሚያስተናግደው፣ ፓተንቱ በተሰጠ በ9 ወር ውስጥ ይዘጋል፤ ወጪውም ከባድ ነው።

ሕንዶች የጽሑፉንም የምስክሩንም መንገድ ሞክረውታል። እርድ ቁስል እንደሚያድን በ1995 በአሜሪካ የተሰጠውን ፓተንት በ1997 ያሰረዙት በታተሙ ጽሑፎች ነው። የእናቶች ዕውቀት በመጻሕፍታቸው ውስጥ ተጽፎ ነበርና። የኒም ዛፍ ዘይትን በሚመለከተው የአውሮፓ ፓተንት ላይ ግን አንድ ሕንዳዊ አምራች ሙኒክ ድረስ ሄዶ፣ ከፓተንቱ አስቀድሞ በእጁ የሠራውን በቃሉ መሰከረ። የአውሮፓው ሥርዓት የአፍ ምስክርንም በጽሑፍ የተሰጠ ቃለ መሐላንም ይሰማል፤ ማንኛውም ሰው በ9 ወር ውስጥ መቃወም ይችላል። ፓተንቱ በ2000 ተሰረዘ፤ በ2005 ይግባኙም ወደቀ። የእኛ ጤፍም በአውሮፓ ፓተንት ተሰጥቶበት ነበር። በ2018 መጨረሻ የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ የኔዘርላንዱን ዋጋ ሲያሳጣው፣ ከተሰጠ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

«እናቴ እኮ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እንዴት ትምላለች?» ይህን ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ በአማርኛ ትምላለች። የአሜሪካው ቢሮ ደንብ እንግሊዝኛ የማይረዳ ሰው ቃሉን በሚረዳው ቋንቋ መስጠት አለበት ይላል። የእንግሊዝኛ ትርጉሙ ትክክለኛነቱ ተረጋግጦ ይያያዛል። ስለዚህ ማንም «ግዴለም፣ እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ይፈርሙ» ቢልዎ አይቀበሉት። ያልገባዎት ወረቀት ላይ የሰፈረ ቃል የእርስዎ ቃል አይደለም፤ የሚጠየቁበት ግን እርስዎ ነዎት።

ውድ አንባቢዬ፣ ሁለት ነገር ልለምንዎ። ወረቀቱ ሲመጣልዎ የቀረበልዎ እንደ ፈልሳፊ ነው ወይስ እንደ ምስክር? አስቀድመው ይጠይቁ። ያሰቡትን አሰብሁ፣ ያዩትን አየሁ ይበሉ፤ ከአመልካቹ ጋር ያለዎትን ዝምድና፣ የሥራም ይሁን የገንዘብ፣ በመጀመሪያው አንቀጽ ያስጽፉ። ሁለተኛው ልመናዬ ስለ እናትዎና ስለ አያትዎ ነው። ስለ ዕፅዋቱ፣ ስለ አጠማመቁ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቆዳ አለፋፉ የሚያውቁትን በስማቸው፣ በቦታውና በቀኑ ይጻፉላቸው፤ በመጽሔትም በመጽሐፍም ያሳትሙት። ገና በሕይወት ሳሉ።

አክባሪዎ